የቀንድ አውጣ ቆጠራ

የካቲት 20፣ ዓርብ

ዛሬ በግቢው ዙሪያ የቀንድ አውጣ መርዝ በተንኩ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ትናንት ደክሞኝ ስለነበር አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ። ያዘዘችኝ ሲልቪ ናት፣ የሙሴ ረኔ ልጅ። ከሳንዲያጎ ደውላ፣ «ሎሚው ቅጠል አልቀረለትም። ቤቱን የሚሸጠው ሪልተር ፎቶ ሊያነሳ ይመጣል፤ ግቢውን እንደዚያ ሆኖ እንዲያየው አልፈልግም» አለችኝ። እሺ አልኩ። ፒኮ ጎዳና ካለው ሱቅ ሄጄ አንድ ካርቶን ገዛሁ። ሰማያዊ ፍሬ ነው፣ ከምስር ትንሽ ተለቅ ይላል። በሎሚው ሥር፣ በአጥሩ ሐረግ ውስጥ፣ በውሃ ቆጣሪው ክዳን ዙሪያ በተንኩት። ካርቶኑ ላይ ውሻ ተስሎ በቀይ ተሰርዟል። ከሥሩ ብዙ ጽሑፍ አለ።

ሙሴ ረኔ ተኝተው ስለነበር አላዩኝም። ስለ ሪልተሩ የሚያውቁት ነገር የለም። ስለ መርዙም ያልነገርኳቸው ለዚህ ነው፤ አንዱን ስነግር ሌላው ይከተላል።

ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ፈረንሳዊ ናቸው፣ ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ አርባ ዓመት አብስለዋል። ከወደቁ ወዲህ በዎከር ነው የሚሄዱት። ሙሴ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አገር ቤት የፈረንጅ ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚባለው ስላቸው ሳቁ፣ በዚያው ጸና። እሳቸው ማዳም ሙሉ ይሉኛል። ቤቱ ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ እኔ እሳቸውን እየተንከባከብኩ ከጓሮ ባለችው ክፍል ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የቀኑን ውሎ ለሲልቪ በእንግሊዝኛ ሎግ ቡክ ላይ እጽፋለሁ። ይኼኛው የራሴ ነው። አዲስ አበባ መዝገብ ቤት አሥራ አራት ዓመት ስለሠራሁ ነው መሰለኝ፣ ያልተጻፈ ቀን ያለፈ አይመስለኝም።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ሌሊቱን ዘነበ። ሰማያዊዎቹ ፍሬዎች ሟሙ። በረንዳው ላይ ዘጠኝ ቀንድ አውጣ ልጋጉን ለቆ ደርቋል። ጠረግኩ።

ሎግ ቡክ ላይ፦ በደንብ በሉ፣ በደንብ ተኙ።

የካቲት 29፣ እሑድ

ሲልቪ መጥታ ዋለች። ምሳ ላይ ደህና ነበሩ። እኔ ሳህን ሳጥብ ሳሎን ውስጥ ድምፅ ከፍ አለ። እነሱ ሲፋቀሩ በፈረንሳይኛ፣ ሲጣሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ የምሰማው ጥሉን ብቻ ነው።

«ምድጃውን ለኩሰህ ረሳኸው፣ ፓፓ።»

«አንድ ቀን!»

«ሁለት ቀን። የኪኒንህንም ቀን አሳስተሃል። እዚያ አረጋውያን ቤት ነርስ አለ፣ ሰው አለ፣ መናፈሻ አለ።»

«ወጥ ቤት ግን የለም።»

እኔ ውሃውን ዘጋሁት። ከዚያ ሙሴ፣ «ለፋሲካ እኔ አበስላለሁ» አሏት። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ማዳም ሙሉ እጄ ትሆናለች፣ ጭንቅላቱ የኔ ነው። አንድ ነገር ከረሳሁ ሻንጣዬን ራሴ አወጣለሁ። ካልረሳሁ እዚሁ ቤቴ እሞታለሁ።»

ሲልቪ «ኦኬ» አለች።

ዘንድሮ የእነሱ ፋሲካ የሚውለው በእኛ ሆሣዕና ነው፣ መጋቢት ሃያ ሰባት። አራት ሳምንት አላቸው።

እሳቸው ከሄዱ እኔም ከዚህ ክፍል እወጣለሁ። ይህን የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው እንጂ የሚያስጨንቀኝ እሱ ሆኖ አይደለም።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

የሚያበስሉትን ወሰኑ። ቀንድ አውጣ።

«በቆርቆሮ ይሸጣል፣ ልግዛ?» አልኳቸው።

«የቆርቆሮው ጎማ ነው። ከግቢያችን ነው የምፈልገው።» በመስኮቱ ሎሚውን አሳዩኝ። «ወደዚህ ያመጣው የኔ አገር ሰው ነው ይባላል፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት፣ ለመብል። የዚህ አገር ሰው ተጸየፈው። ሳይበላ ቀረና አጥር ለአጥር እየተሳበ ሄደ። አሁን ሎሚና ብርቱካን ያለበት ሁሉ ቤቱ ነው። ቀን ሐረግ ሥር ይተኛል፣ ሲረጥብ ይወጣል፣ ሲደርቅ በሩን ዘግቶ ወርም ቢሆን ይጠብቃል።»

«ዲቪ ደርሶት ነዋ» አልኩ።

«ምን?»

«ምንም፣ ሙሴ።»

አራት ደርዘን እንድለቅምላቸው ጠየቁኝ። ደርዘን ለሲልቪ፣ ደርዘን ለባሏ፣ ደርዘን ለእሳቸው፣ ደርዘን ለእኔ። እኔ ጾም ላይ ነኝ አልኳቸው። «ጾም ባይሆንስ?» አሉ። ባይሆንም አይሆንም፣ በእኛ ዘንድ አይበላም አልኩ። «እንግዲያው ያንቺንም እኔ እበላልሻለሁ» ብለው ሳቁ። ጥር ላይ ከወደቁ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

እሺ አልኩ።

እሺ ስል መርዙ ትዝ አላለኝም። አይ፣ ትዝ ብሎኛል። ትዝ ሲለኝ ግን እሺ ብዬ ጨርሼ ነበር።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ሊነጋ ሲል ዘነበ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጓንት አድርጌ ባልዲ ይዤ ወጣሁ። ሙሴ ጋቢ የመሰለ ነገር ደርበው በረንዳው ላይ ዎከራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«የዛጎሉን ከንፈር እዪ! ወደ ውጭ የታጠፈውን ብቻ። ያልታጠፈው ገና ልጅ ነው፣ ተዪው።»

ብዙ ነበሩ። ከሐረጉ ሥር፣ ከቆጣሪው ክዳን ውስጥ ተደራርበው፣ ከሎሚው ግንድ ላይ። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማነሳው። ከሃያ በኋላ ለመድኩት። ቀዝቃዛ ነው፣ ሲነኩት ቀንዱን ይሰበስባል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። እያንዳንዱን ባልዲው ውስጥ ስጥል እሳቸው በፈረንሳይኛ ይቆጥራሉ። አርባ ስምንት ላይ እጃቸውን አነሱ። «በቃ! አራት ደርዘን።»

ያነሳኋቸው በሙሉ በሕይወት ያሉ ናቸው። መርዙ የሚገድለውን ገድሏል፣ እነዚህ ያልበሉት ናቸው። ደግሞ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ደግሞ ዝናብ አጥቦታል።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

የእንጨት ሳጥን፣ በላዩ ወንፊት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አስቀመጥነው። ፉርሽካና ካሮት ነው የሚበሉት፣ ሁለት ሳምንት። ከዚያ አምስት ቀን ምንም።

«ይጾማሉ» አሉኝ ሙሴ። «ቀንድ አውጣን ስትበዪ የበላውን ነው የምትበዪው። ለዚህ ነው የሚጾመው። እናንተ ስንት ቀን ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

«እነዚህ አምስት ይበቃቸዋል። ኃጢአታቸው ትንሽ ነው።»

«ጾሙ የበሉትን ሁሉ ያወጣዋል?»

«ሣርና አፈር ያወጣል» አሉ።

ሌላውን አልጠየቅኩም።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ሦስት ሞተዋል። ጠዋት እሳቸው ሳይነሱ ወንፊቱን ገልጬ አየሁ። ከዛጎላቸው ወጥተው፣ በልጋግ ተለውሰው። በሶፍት ጠቅልዬ ጣልኳቸው፣ ሳጥኑን ጠረግኩ።

ከቁርስ በኋላ ሙሴ ሊቆጥሩ መጡ። በየጠዋቱ ይቆጥራሉ፤ በማንኪያ ጀርባ አንድ በአንድ እየነኩ፣ ጮክ ብለው። ልምምድ ነው ይላሉ፣ ለጭንቅላት።

«አርባ አምስት።» እንደገና ጀመሩ። «አርባ አምስት። አርባ ስምንት አልነበሩም?»

«አርባ አምስት ነበሩ፣ ሙሴ።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ሞቱ ብል፣ ለምን ሞቱ ይላሉ። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው፣ በምን እንደሞቱ ለማወቅ አንድ ማየት ይበቃቸዋል።

«አራት ደርዘን ብዬሽ አልነበር?»

«ብለውኛል። የተገኘው ግን አርባ አምስት ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጡ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ሰው አለ ወይ ብሎ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ከዚያ ወረቀት አምጪልኝ አሉና 45 ብለው ጽፈው ፍሪጁ ላይ ለጠፉት።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ለሲልቪ ደወሉላት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«እምልልሽ ነበር። ስቆጥር ራሴን ሰምቼዋለሁ፣ ሲልቪ። አርባ ስምንት ስል ሰምቼዋለሁ።» ከዚያ የአፍንጫ ድምፅ። በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወሩት፣ ሳይጣሉ።

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ፎጣ ሳጥፍ ነበር። አንዱን ፎጣ አራት ጊዜ አጠፍኩት።

ዛሬ መንገር እችል ነበር። ሲልቪ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቅኩ። ከዚያ ራት ደረሰ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

አምስት ሞቱ።

ጋሼ ብርሃኑ ዘንድ ሄድኩ። ከፌርፋክስ በስተምሥራቅ ትንሽ ቤት አላቸው፣ ከጀርባዋ ጎመን፣ ጤና አዳምና ጦስኝ ይተክላሉ። ባለፈው ዓመት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቀንድ አውጣ ፈጀኝ እያሉ ሲያማርሩ ስለሰማሁ ነው።

«ቀንድ አውጣ የሚለምን ሐበሻ ደግሞ ዛሬ አየሁ!» አሉ። «ሰው ጎመን ነው የሚለምነኝ።»

«ለሥራዬ ነው፣ ጋሼ። የምይዛቸው ሽማግሌ ሊበሉት ነው።»

«ውይ! በሁዳዴ ምድር!» ሳቁ፣ ከዚያ አማተቡ፣ ከዚያ እንደገና ሳቁ። «ውሰጂ ልጄ፣ እንዲያውም ታሳርፊኛለሽ። በየማለዳው አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጨው ውስጥ ነው የምጨምራቸው። ወገቤ ተቆረጠ።»

«መርዝ ለምን አያደርጉም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሰው በሚበላው ጎመን ላይ? አንቺ ደግሞ!»

ከንፈራቸው የታጠፈ አሥራ ሁለት ለቀምኩ። አምስቱን ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩ፣ ሰባቱን በቡና ቆርቆሮ ክፍሌ ውስጥ አልጋ ሥር አስቀመጥኩ። ሙሴ ሲቆጥሩ አርባ አምስት ሆነ። ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አላቸው።

መጋቢት 13፣ እሑድ

ፋና ከቤተ ክርስቲያን ስትመልሰኝ መኪና ውስጥ ነገርኳት። ዌስትቼስተር ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ነው የምትሠራው፣ ከመጣሁ ጀምሮ እሑድ እሑድ የምትወስደኝ እሷ ናት። ግማሹን ነው የነገርኳት። ይሞታሉ፣ ሽማግሌው እንዳያዝኑ እተካለሁ አልኳት።

መሪውን ለቃ አጨበጨበች። «ሶ አንቺ ቀንድ አውጣ ሪፕሌስ ታደርጊያለሽ! ሙሉዬ፣ እኔ አንሶላ ሪፕሌስ ሳደርግ እንኳን ይደብረኛል!»

«መሪውን ያዢ።»

«ኦኬ ኦኬ። ግን ለምንድን ነው የሚሞቱት?»

«አላውቅም።»

«ሁሉንም ጥለሽ ሌላ አታመጪም? ወይ ንገሪያቸው፣ ሞቱ በያቸው፣ ቀንድ አውጣ ነው፣ ሰው አይደለም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«የማን ፋሲካ?» አለችና ሳቀች። ቤቱ በር ላይ ስታወርደኝ ግን አልሳቀችም። «እናትሽ እሺ ይበልጣል ከሺህ እያሉ ነው ያሳደጉሽ። እዚህ አገር እሺ ፊርማ ነው። ታውቂያለሽ?»

ዛሬ አራት። ከቆርቆሮው ተካሁ።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ሦስት። ቆርቆሮው ባዶ ሆነ።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ቀንድ አውጣ በእጄ መንካቴ፣ በጾም ማብሰሌ ኃጢአት ነው ወይ አልኳቸው።

«አንቺ ትበያለሽ?»

«ኧረ አልበላም፣ አባቴ።»

«ለታመመ ሰው የሚያገለግል የታዘዘውን ይሠራል። ዕቃውን ለዪ፣ እጅሽን ታጠቢ። ሌላ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ድምፅሽ ግን...»

«ጾሙ ነው፣ አባቴ።»

ድስት ለየሁ። እጀታው የተሰነጠቀውን ትልቁን።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ዛሬ አንድም አልሞተም። ያለቀው አለቀ ማለት ነው። የቀሩት ጤነኞች ናቸው።

ካርቶኑን ከእቃ ማጠቢያው ሥር አውጥቼ ጽሑፉን አነበብኩ፣ መጀመሪያ ነበር ማንበብ። አንዳንዱ ቃል አይገባኝም። ከታች ስለ መርዙ የሚጠየቅበት የስልክ ቁጥር አለ፣ ሃያ አራት ሰዓት ይላል። ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች።

«ይህን መርዝ የበላ እንስሳን ሰው ቢበላስ?» አልኩ።

«ምን ዓይነት እንስሳ ነው፣ እመቤት?»

«ትንሽ።»

«ሰው በልቷል?»

«አልበላም። ገና ነው።»

«ስምሽን ትነግሪኛለሽ? ያለሽበትን አድራሻስ?»

ዘጋሁት። መልሳ ትደውላለች ብዬ ስልኩን ፎጣ ውስጥ ጠቀለልኩት። አልደወለችም።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ከበረሃ በኩል የሚመጣው ነፋስ ተነሳ። ሙቀት። ሁለት ሞቱ።

ፋና ያለችውን ለማድረግ ቆርጬ ነበር። ሁሉንም ጥዬ አርባ አምስት አዲስ ከጋሼ ብርሃኑ ላመጣ። ሄድኩ። «ትናንት መጥተሽ ቢሆን» አሉኝ። «የተረፈውን በጨው ጨረስኩት። ጎመኑንም ነቀልኩት።»

ከዚያ ሰፈሩን ዞርኩ። በዚህ ሙቀት የትም የሉም። የሚገኙት ግድግዳ ላይ ተጣብቀው፣ አፋቸውን እንደ ወረቀት በሳሳ ቆዳ ዘግተው ነው። ከጎረቤቱ አጥር አሥራ አንድ ላጥኩ። የጎረቤቱ አትክልተኛ ምን እንደሚበትን አላውቅም። ሁለቱን ከተትኩ፣ ዘጠኙን መልሼ አጥሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። አልያዝ ብለው ወደቁ።

ደምሬ አየሁት። ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ሠላሳ አንዱ የግቢያችን ናቸው። ከሞቱት ውስጥ የጋሼ ብርሃኑ ካለበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም። በጥፍር ቀለም ቢጤ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። መዝገብ ቤት ብሆን አደርገው ነበር።

ሎግ ቡክ ላይ፦ በደንብ በሉ፣ ትንሽ ተክዘዋል።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ካሮቱን አነሳን። ጾም ገቡ።

የመርዙን ካርቶን በፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልዬ ፌርፋክስ ላይ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩ። የቤቱ መጣያ ሞልቶ ስለነበር ነው።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ሙሴ የሚገዛውን ነገሩኝ። ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ እሺ አልኩ። ቅቤ ሁለት፣ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ራስ፣ ፓርስሊ የሚሉት አረንጓዴ ማጣፈጫ ሁለት እስር። «ያለ ፓርስሊ የድሃ ሳህን ነው» አሉ። «ይህን እንዳትረሺ።»

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ለምን እንደቆምኩ ጠፍቶኝ ነበር፣ አንዲት ልጅ ልርዳሽ አለችኝ።

ሳጥኑ ጸጥ ብሏል። ሁሉም ወንፊቱ ላይ ወጥተው ተጣብቀዋል። ሌሊት ሲሳቡ የሚሰማ ይመስለኛል። በሁለት በር መካከል አይሰማም።

ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ። ውሃው ሳይፈላ።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ውሃው ፈላ።

ሙሴ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተነስተው፣ ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። በጨውና በኮምጣጤ አጠብናቸው፣ አረፋቸው እስኪጠራ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወደ ድስቱ። ጊዜውን በሰዓት ሳያዩ ነው የሚናገሩት፤ «አሁን» ሲሉ እኔ ሰዓቱን አያለሁ፣ ልክ ነው። በሹካ ከዛጎሉ እንዴት ተጠምዝዞ እንደሚወጣ አሳዩኝ። ከኋላው ያለችውን ጥቁሯን ቁረጪ አሉ። ዛጎሉን ለብቻ ቀቅዪ አሉ። ቅጠሉን አሁን፣ ጨዉን በኋላ። አንድም ነገር አልረሱም። አንድም።

አርባ አምስት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይኼን ያህል ብቻ ናቸው፣ እፍኝ የማይሞላ ጥቁር ነገር።

አንድ ጊዜ ድስቱን ከምድጃ ሳወርድ የተሰነጠቀው እጀታ ተንቀሳቀሰ። ብለቀው ወለሉ ላይ ይደፋል፣ አደጋ ነው፣ ማንም ምንም አይልም። ይዤው ቆምኩ። ሙሴ፣ «ቀስ፣ ማዳም ሙሉ፣ ቀስ፣ እጅሽን እንዳያቃጥልሽ» አሉ። አስቀመጥኩት።

ከዚያ የገዛ እጃቸውን እያዩ፣ «ታያለሽ? እጅ አይረሳም። ቁጥር ብቻ ነው ያስቸገረኝ» አሉ።

ያን ጊዜ ነበር መናገር። አፌን ከፍቼው ነበር። «ሻይ ላፍላልዎት?» አልኩ።

መጋቢት 27፣ እሑድ፣ ሆሣዕና

ሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ ነው የምጽፈው። ደብተሩን ቅርጫቱ ላይ አድርጌ። ፋሲካቸው ስለሆነ ሰው ሞልቷል። አንድ ካሸር ብቻ ነው የሚሠራው።

በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተመለስኩ፣ የዘንባባው ቀለበት ጣቴ ላይ አለ። ሲልቪና ባሏ በአምስት ሰዓት መጡ። ሙሴ በር ላይ ቆመው፣ ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርሱ፣ «አርባ አምስት ናቸው! ማዳም ሙሉን ጠይቂያት፣ በየቀኑ ቆጥሬያለሁ፣ ከዚያች ቀን በኋላ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም» አሏት። ሲልቪ ወደ እኔ ዞረች። አዎ አልኩ።

ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ባዶውን ሳጥን ሳነሳ፣ እሷና ባሏ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። እኔ መኖሬን አላወቁም።

«ደህና ናቸው እኮ» አለ ባሏ። «ሁሉን ራሳቸው ነው ያዘዙት። ትንሽ ብንጠብቅስ?»

«ፈርሜያለሁ። ማክሰኞ አረጋውያን ቤቱ ይገባል።»

«እስከ ፋሲካ ብለሻቸው አልነበር?»

«ልጠብቅ ነበር። ምድጃው አይደለም፣ ኪኒኑም አይደለም። ያ ስልክ ነው። ስቆጥር በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ አለቀሰልኝ። የሌለ ነገር ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ ብቻውን ልተወው አልቻልኩም።»

ሳጥኑን ይዤ ቆሜ ነበር። ፉርሽካው እጀታዬ ላይ ይፈስሳል።

ዛጎሎቹ ተሰልፈው፣ ቅቤው ለስልሶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተወቅጦ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ሳለ ሙሴ ፍሪጁን ከፈቱ። «ፓርስሊው?»

ሲልቪ ቀስ ብላ፣ «ረሳኸው፣ ፓፓ?» አለች።

ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ፍሪጁ ላይ ወዳለው ወረቀት። «ረስቼው ይሆናል» አሉ።

ሦስት ጊዜ ነው የነገሩኝ። ሐሙስ ዕለት። እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፣ አሁን ገልጬ አየሁት። ሁለት እስር ይላል።

እኔ ያልኩት «ላምጣ» ብቻ ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ በሩን ስዘጋ ሲልቪ፣ «ካልደረሰች ያለሱም ይበላል፣ በሰባት ሰዓት ማዕድ እንቀርባለን» ስትል ሰማሁ።

ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኗል። ከፊቴ ስድስት ሰው አለ፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ኩፖን ይቆጥራል። ቅርጫቴ ውስጥ ሁለት እስር ፓርስሊ አለ። ብደውል ስልኩን የምታነሳው ሲልቪ ናት፤ ለሲልቪ በስልክ ከእሺ ሌላ ብያት አላውቅም። ሙሴ ደግሞ የእኔንም ድርሻ እንደሚበሉ ዛሬ ጠዋት ደግመው ነገሩኝ። ሃያ አራት።

ሃያ አንድ። ሦስቱ ሞተዋል።

አፌን እያለማመድኩት ነው። ሙሴ፣ አይብሉት። ግቢው ውስጥ መርዝ ነበረ፣ የበተንኩት እኔ ነኝ። ፓርስሊውን ነግረውኛል። አርባ ስምንት ነበሩ። ልክ ነበሩ፣ ሙሴ፣ አርባ ስምንት ነበሩ።

እግሬ ቢፈጥን ስምንት ደቂቃ ነው። ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ፣ «ወረፋ ላይ ነሽ?» ትለኛለች።

አይደለሁም።